የሲሚንቶው ፈረስ ለቅሶ

ማንም ሳይሞት አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ አስለቅሶ የሚያውቅ ሰው አይታችኋል? ካላያችሁ ፍለጋ አትድከሙ፤ እኔ አለሁላችሁ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ድንጋጤው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። የቆርቆሮው በር በተንኳኳ ቁጥር "እኔ አልገደልኩም!" እያልኩ ነው የምከፍተው። ባለቤቴ ብርቱካን ጠበል ልትወስደኝ ቀን ቆርጣለች።

ከተማችን እንጅባራና ዳንግላ መካከል ናት። ስሟን አልናገርም። አንድ አስፋልት፣ አንድ አደባባይና አንድ የባህል ጽሕፈት ቤት ብቻ ስላላት፣ ስሟን ከተናገርኩ ኃላፊው ማን እንደሆነ በአንድ ስልክ ትደርሱበታላችሁ። እሱ ደግሞ ሌላ ለቅሶ ነው።

እኔ የሥዕል መምህር ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለፀጉር ቤት ቆንጆ፣ ለባጃጅ ደግሞ አንበሳ እሥላለሁ። ከዚህ የተረፈችውን ጊዜ ለራሴ እሥልባታለሁ። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለሰው የሣልኩት ተሰቅሎ ይታያል፤ ለራሴ የሣልኩትን ግን የሚፈልገው የለም፣ እኔም መጣል አልችልበትም። ጥርባ ድረስ እየሄድኩ ሐይቁን በማለዳ ሣልኩት፣ በቀትር ሣልኩት፣ ጉም ለብሶ ምንም ሳይታየኝም ሣልኩት። ሐይቆቹ ተጠራቅመው ቤቱን ሞሉት። አንዱ ከአልጋ ሥር፣ አንዱ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ የቀሩት ከድንቹ ጋር ሆኑ። ብርቱካን ታጋሽ ሴት ናት። አምና ክረምት የዶሮ ቤቱ ሲያፈስ አንዱን ሐይቅ ገልብጣ ከደነችበትና ዶሮዎቹ ሐይቅ ሥር ማደር ጀመሩ። ዘንድሮ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

"ስማኝ" አለችኝ፣ "እስከ መስቀል ቦታ ካልፈለግህላቸው ለደመራ አወጣቸዋለሁ።"

ብርቱካን ካለች አለች ነው።

ቦታውንስ አውቀዋለሁ። ከአደባባዩ ፊት ለፊት አንድ የድሮ የእህል መጋዘን አለ፤ እህል ከወጣበት ዓመታት ያለፉት፣ አይጡ እንኳ ተስፋ ቆርጦ የለቀቀው። ያንን የሥዕል ቤት ባደርገው፣ ሥዕሎቼ ግድግዳ ያገኛሉ፣ ተማሪዎቼ ዝናብ የማይነካቸው ክፍል ያገኛሉ፣ ብርቱካን ደግሞ አልጋዋን ታገኛለች። ስንት ዓመት ማመልከቻ ሳስገባ እንደኖርኩ የሚያውቀው የመዝገብ ቤቱ አቧራ ብቻ ነው።

ታዲያ በሰኔ ግድም የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። ኃላፊው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ላም ሣል ስለው ጠረጴዛ የሚሥል ልጅ ነበር። አሁን ራሱ ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። አስቀድሞ ያየው ነገር ነበር ማለት ነው።

"መምህር" አለኝ፣ "ዘንድሮ የሕዝብ ጥበብን እንድንደግፍ መመሪያ ወርዷል። አደባባዩ ላይ ሐውልት ይሥሩልን። ሕዝቡ ከወደደው መጋዘኑን ለሥዕል ቤት እንሰጥዎታለን።" ይህንኑም ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ አደረገልኝ።

"የምን ሐውልት?" አልኩት።

"ደግሞ ይጠይቃሉ? አገሩ አዊ አይደል? ፈረስ ነዋ!"

እየበረርኩ ቤቴ ገባሁና ንድፉን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨረስኩት። እናንተዬ፣ ምን የመሰለ ፈረስ! ነጭ ነው፣ ሁለት የፊት እግሮቹን አንሥቷል፣ አንገቱን ቆልምሟል። በላዩ ላይ ጎምለል ያለ ጋላቢ ጋሻ በግራው፣ ጦር በቀኙ ይዞ ተቀምጧል። ብርቱካን እንኳ አይታ "ይሄስ ለደመራ አይሆንም" አለች። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ወጥቶ አያውቅም።

ንድፉ ለኮሚቴ ቀረበ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ኮሚቴ ፊት ንድፍ አቅርቦ አያውቅም። አባላቱ ሰባት ናቸው። ሰባቱም ፈረስ ላይ ያደጉ፣ የፈረስ ጥርስ አይተው ዕድሜውን፣ ኮቴውን ሰምተው ጌታውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ሰው ንድፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ "ይሄ ጋላቢ የወንዝ ማዶዎቹን ሰውዬ አይመስልም?" አለ።

"የለም፣ አፍንጫው የኛ አያት ነው" አለ ሁለተኛው ደስ ብሎት።

"እንግዲህ የእናንተ አያት አደባባይ ከቆመ፣ የኛ አያት አህያ ጠባቂ ኖሯል?" አለ ሦስተኛው።

አፍንጫውን ቀየርኩት፤ የአራተኛውን አጎት መሰለ። ፊቱን ወደ ኋላ አዞርኩት፤ ለሕዝብ ጀርባውን ሰጠ ተባለ። በነጠላ ሸፈንኩት፤ ፊቱን የሸፈነማ ሽፍታ ነው ተባለ። በአራተኛው ስብሰባ ላይ ሁሉም ደከማቸውና ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ "ጋላቢው እንዲወርድ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ያ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ሲወስን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ጋሻና ጦሩስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ጋሻና ጦሩ ምን አደረጉ? እነሱ ባህል ናቸው። ኮርቻው ላይ ይሰቀሉ" አለኝ ኃላፊው።

ሰቀልኳቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ የእግሩ ነገር ተነሣ። ጋላቢ ሳይኖረው እግሩን አንሥቶ የሚዘል ፈረስ ጌታውን ጥሎ የበረገገ ፈረስ ነው፤ እንግዳ ሲያየው ምን ይለናል? እውነታቸውን ነው። እግሩን አወረድኩት። ቀጥሎ አንገቱ መጣ። ፈረሱ ወደ ዳንግላ ነበርና የሚያየው፣ የእንጅባራ አማቾች ያሏቸው ሁለቱ አባላት ቅር አላቸው። ወደ እንጅባራ ባዞረው ዳንግላ የተማሩት ሦስቱ ሊኮርፉ ሆነ። ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ አደረገና "ወደ መሬት ይይ! መሬት የሁላችንም ናት!" አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ብልህነቱ ገርሞኝ "ያ ጠረጴዛ የሚሥለው ልጅ!" አልኩ በሆዴ።

የቀረው ቀለሙ ነበር። ነጭ ካልን የእገሌ ፈረስ ነው፣ ዳማ ካልን የእንቶኔ። በዚህ መሃል የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ገብቶ የአስፋልቱ ጠርዝ የተቀባበት ጥቁር ቀለም በዕቃ ቤቱ ውስጥ መትረፉን አበሠረን። የጽሕፈት ቤቱ ድጋፍ ይኸውላችሁ! ጥቁር ሆነ።

ክረምቱን ሙሉ ሠራሁት። ቀርከሃ አቁሜ፣ ላዩ ላይ ሸራ ወጥሬ፣ በፌሮ አጥንቱን፣ በሽቦ ሥጋውን፣ በሲሚንቶ ቆዳውን አበጀሁ። ዝናቡ ሲሚንቶዬን ሲያጥብ እኔ ደግሞ እለስናለሁ። ከሁሉ የተጠበብኩት ኮርቻው ላይ ነው። ጋላቢውን፣ እግሩን፣ አንገቱንና ቀለሙን ተቀምቻለሁ፤ ኮርቻውን ግን ማንም ስላልነካው የኔ ሆኖ ቀረ። ፈረሱ የሚለብሰውን የግላስ ጨርቅ ጥልፍ ክር በክር በሚስማር ጫፍ ቀረጽኩት። እርካቡን፣ ልጓሙን፣ ከግንባሩ የሚወርደውን ዘርፍ ሳይቀር አሣመርኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ኮሚቴው በየሳምንቱ እየመጣ ይገመግማል። አንዱ የጋላቢ ፊት አለመኖሩን፣ አንዱ እግሩ መውረዱን፣ አንዱ ወደ ዳንግላ አለማየቱን አረጋግጦ ረክቶ ይሄዳል። ሙሉውን ፈረስ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

የምረቃው ቀን ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ ሆነ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ሕዝብ አይጠፋም በሚል ነው። እውነትም አልጠፋም። ከአዘና በኩል ሚኒባሱ እየመጣ ያራግፋል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች አደባባዩን ይዞራሉ። የክብር እንግዶች ወንበር ከፊት ተደርድሯል። መሃለኛው ትልቁ ወንበር ለአያ አለኸኝ የተያዘ ነው። አያ አለኸኝ የአካባቢው ፈረሰኞች አለቃ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ይጠጋል፤ ገና እርካብ ሲረግጡ የምታይ ሴት ሁሉ እልል ትላለች። ሸራውን የሚገልጡት እሳቸው ነበሩ። ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈ፣ አያ አለኸኝ የሉም። ስልካቸው ኔትወርክ የለውም።

ኃላፊው ከዚህ በላይ መጠበቅ አልሆነለትም። ድምፅ ማጉያውን ያዘና "ይህ ፈረስ የእያንዳንዳችሁ ታሪክ ነው! የየቤታችሁን ትዝታ ይቀሰቅሳል!" አለ። እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ ራሱ ሸራውን ሳበው።

ጭብጨባ ጠበቅሁ። ጭብጨባ የለም።  ከወንዶቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላው አወለቀ። "ወይ አክብሮት!" አልኩ፤ ደረቴ ሲነፋ ተሰማኝ። ከዚያ ከሽንኩርት ተራ አንዲት ሴት እጇን አናቷ ላይ ጭና፦

"ወይኔ! ወይኔ! ማን ነው? ኧረ ማን ነው የሞተው?"

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ ፈረሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በኛ አገር ስመ ጥር ሰው ሲሞት፣ ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ግላሱን ለብሶ፣ የጌታው ጋሻና ጦር ተሰቅሎበት፣ ባዶውን ለቅሶው መሃል ይሳባል። ያን ፈረስ ያየ ሰው ሌላ መርዶ አያስፈልገውም። ኮሚቴው ጋላቢውን አወረደ፣ ጋሻውን ሰቀለ፣ እግሩን አስረገጠ፣ አንገቱን ሰበረ፣ ጥቁር ቀባ። ሰባት ፈረስ አዋቂና አንድ የሥዕል መምህር ሦስት ወር ሙሉ ተጨንቀው አንድ ፍጹም የለቅሶ ፈረስ ሠሩ! ይባስ ብሎ እኔ፣ አፈር ልብላና፣ አጎቴ የሞተ ጊዜ ፈረሱን የሳብኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ የሳብኩትን ፈረስ በገዛ እጄ ሠርቼ አላወቅሁትም።

 ለቅሶው ግን እኔን አልጠበቀም። ከሚኒባስ የወረደው "ማን ነው?" ይላል፤ ቀድሞ ያለቀሰው "እኔ እንጃ፤ ፈረሱ ወጥቷል፣ ትልቅ ሰው ነው" ይላል። ትልቅ ሰው ከተባለ ደግሞ ዛሬ ከትልልቆቹ የጎደለ ማን ነው? የሁሉም ዓይን ባዶው ወንበር ላይ አረፈ።

"አያ አለኸኝ! ጉዴ ፈላ! አያ አለኸኝ!"

በቃ። አደባባዩ ቀለጠ። በአማርኛም በአገውኛም ተለቀሰ። ደረት ተመታ። አንዲት ሙሾ አውራጅ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ከፈረሱ ፊት ቆማ ታወርደው ጀመር፦

"ፈረሱስ ይኸውና ኮርቻው እንዳማረ፣
ጌታው በየት በኩል በእግሩ ተሻገረ።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል "ኮርቻው እንዳማረ" ስትል ትንሽ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሥራዬን ያደነቀ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ "እባካችሁ፣ ለቅሶ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም!" እያለ ይጮኽ ጀመር። ማን ይስማው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ጥሩንባውን እየነፋ በአስፋልቱ መጣ። ከኋላው አራት ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመዋል። የእድሩ ዳኛ እኔ ጋ መጥቶ "የድንኳኑ ካስማ ከፈረሱ በስተግራ ይሁን በስተቀኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ደንዝዤ "በስተቀኝ" አልኩት። ምን ነካኝ!

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ ቆመና አያ አለኸኝ ከውስጡ ወረዱ። የመጡበት ፈረስ መንገድ ላይ አንክሶባቸው፣ ትተውት በባጃጅ መምጣታቸው ነው። ፈረሰኛ በባጃጅ ሲመጣ እንዳይታይ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ለቅሶውን ሲያዩ ደነገጡ። አጠገባቸው የሚያለቅሰውን ሰው ትከሻውን ያዙና "ምነው ልጄ? ማንን አጣን?" አሉት።

ሰውየው ዓይኑን በጋቢው እንደሸፈነ "አያ አለኸኝን!" አላቸው።

"የትኛው አለኸኝ?"

"የትኛው ይባላል? የፈረሰኞቹ አለቃ ነዋ! ምን የመሰለ ደግ ሰው!"

አያ አለኸኝ ጠጋ አሉት። "ደግ ነበር አይደል?" አሉት።

"ኧረ ስንቱን አስታራቂ!"

"እንግዲህ አልቅሱለት" አሉና በሕዝቡ መሃል ቀስ ብለው አልፈው፣ ባዶው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

ሙሾ አውራጇ በቃሏ መሃል ታንቃ ቀረች። አንድ ሰው "ኢየሱስ ክርስቶስ!" ብሎ አማተበ። ግማሹ ሕዝብ ወደ ሽንኩርት ተራ ሮጠ፤ ድንኳን ተሸካሚዎቹ ድንኳኑን ጥለው ሮጡ። ጥሩንባ ነፊው ትንፋሹ ጥሩንባው ውስጥ እንዳለ ስለሮጠ ጥሩንባው ለብቻው እየጮኸ ሄደ። አያ አለኸኝ ፈረሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ኃላፊውንም፣ እኔንም አዩን።

"መልካም ለቅሶ ነው" አሉ። "ለካ እንዲህ ትወዱኛላችሁ። እኔ ግን ገና ነኝ።"

ያን ጊዜ ሳቅ ፈነዳ። ለቅሶው ሳቅ ሆነ፤ እንባውም ሳይደርቅ የሳቅ እንባ ተጨመረበት። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ስቄ እገባ ነበር። ዳሩ አንዲት ሴት ለቅሶዋን አላቆመችም። ከፈረሱ ሥር ተቀምጣ፣ እጇን ኮቴው ላይ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። እማማ ይታይሽ ይሏቸዋል፤ ከጥርባ በኩል ድንች እያመጡ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

"እማማ፣ ተነሡ እንጂ፤ አያ አለኸኝ በሕይወት አሉ" አልኳቸው ጎንበስ ብዬ።

"ይኑሩ" አሉኝ። "እኔ ለእሳቸው መች አለቀስኩ።"

ልጃቸው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ነበር። ወባ ያዘው። እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መርዶው በስልክ መጣ። ለቅሶ ተቀመጡ፣ ጎረቤት መጣ። አስከሬን ግን የለም፤ ፈረስም በቤታቸው ኖሮ አያውቅም። "ልጄ ፈረስ ሳይሳብለት ቀረ" አሉኝ። "ዛሬ ተሳበለት።"  

ኃላፊው ወዲያው ቢሮው አስጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"መምህር፣ ከተማዋን የሬሳ ቤት አደረጓት! ኮርቻው፣ ጋሻው፣ ጦሩ ይውረድ። እስከ ሰኞ ጠዋት ተራ ፈረስ ይሁን። ያን ጊዜ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ። አለበለዚያ መጋዘኑን ይርሱት።"

"ኮሚቴው እኮ..."

"ኮሚቴው ፈረስ ነው ያለው እንጂ መርዶ አላለም!"

እሑድን ሙሉ አሰብኩ። ብርቱካን የደመራ እንጨት ስትለቅም አየኋት፤ ከእንጨቱ ጎን ባዶ ቦታ ትታለች። መጋዘኑን ሌላ ጊዜ እንደማላገኘው አውቃለሁ። ኮርቻው ሲሚንቶ ነው፤ በአንድ ሰዓት ተመትቶ ይወርዳል። ያለምኩት ሁሉ ከአንድ ሰዓት መዶሻ ኋላ ተቀምጧል። ሰኞ ማለዳ መዶሻና መሮዬን ይዤ ወጣሁ።

ጉሙ አልተገፈፈም። ፈረሱ ሥር ስደርስ ደነገጥኩ። ከአፉ ሥር አንድ እቅፍ ለጋ ሣር ተቀምጧል። እማማ ይታይሽ ከጎኑ ቆመዋል።

"ምን ልትሠራ መጣህ ልጄ?" አሉኝ መዶሻውን አይተው።

እውነቱን መናገር አቃተኝ። "ኮርቻውን ላስተካክለው ነው፣ እማማ" አልኩ።

"አስተካክለው። ተንቀሳቅሶ እንዳያስቸግርህ እኔ እይዝልሃለሁ" አሉና፣ የሲሚንቶውን ልጓም በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ።

መሮውን ኮርቻው ላይ ደገንኩ። መዶሻውን አነሣሁ። ሳልመታ አወረድኩት። እንደገና አነሣሁት። እሳቸው የፈረሱን አንገት እያሻሹ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሉታል።  መጨረሻ ላይ መሮውን ኪሴ ከተትኩና ከግላሱ ጠርዝ ላይ ዝናብ የሸረፈውን ቦታ በጣቴ ማሸት ጀመርኩ። ሞኝነቴን እወቁልኝ፤ አልቻልኩም። መጋዘኑ ዛሬ ማዳበሪያ ተከማችቶበታል። ሥዕሎቼ ከድንቹ ጋር ናቸው። ብርቱካን ያን ዕለት የሆነውን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ለደመራው ሌላ እንጨት ፈለገች።

ኃላፊው ግን በዚያው ጠዋት፣ መሮዬ ኪሴ ውስጥ እንዳለ መጣ። ከመኪና ወርዶ ኮርቻውን አየው፣ እኔንም አየኝ። "መጋዘኑን ይርሱት፣ መምህር" አለኝ።

"ረሳሁት" አልኩት።

ከኋላው ሁለት የቀን ሠራተኞች ትልልቅ መዶሻ ይዘው ወረዱ። ኃላፊው ወደ እማማ ይታይሽ ጠጋ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ።

"እማማ፣ ይልቀቁት እስቲ። ሠራተኞቹ ሊሠሩ ነው።"

እማማ ይታይሽ ልጓሙን ይበልጥ ጠበቅ አደረጉት። ፊታቸው ላይ ግርምት ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ይህ የተማረ ሰው እንዴት አያውቅም የሚል።

"ብለቀው እኮ ይሄዳል" አሉት።

ኃላፊው ሣሩን አየ። የያዙበትን እጅ አየ። ያን ፊቱን ስድስተኛ ክፍል ካስተማርኩት ወዲህ አይቼው አላውቅም። ለሠራተኞቹ በእጁ ተመለሱ አላቸው።

"እንግዲያውስ አይልቀቁት፣ እማማ" አለ።